ስለ ዲስክ ስትጽፉ የእግር ጣትንም ጻፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ወር ስለ ወገብ ዲስክ መንሸራተት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በትንሽ ቀዳዳ፣ በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) ስለሚሠራው ቀዶ ጥገና ነው። እኔ በዚያ መንገድ የታከምኩ ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። የሠሩልኝን ሐኪም ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ። ስለዚህ ሕክምናውን ላጣጥል አይደለም ብዕር ያነሳሁት።

ጽሑፋችሁ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር ነግሮናል። በሽተኛው በስንት ሰዓት ከአልጋ እንደሚነሳም ነግሮናል። ለማን እንደሚያስፈልግና ለማን እንደማያስፈልግ ግን አንድ መስመር የለውም። ወገቡን እያመመው ያነበበ ሰው "ይሄማ ቀላል ነው፣ ነገ ሄጄ ላሠራው" ይላል። እኔም ያኔ አንብቤው ቢሆን ይህንኑ እል ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 51 ነው፤ 27ቱን ዓመት ያሳለፍኩት የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ነው። ወገቤን ድሮም ይቆረጥመኝ ነበር። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጎንበስ ብዬ የጨርቅ ጥቅል ሳነሳ፣ ከግራ መቀመጫዬ የጀመረ ነገር በጭኔ ጎን አልፎ፣ ባቴን ይዞ፣ እስከ እግሬ ጀርባ ወረደ። ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ነዘረኝ። ከዚያ ወዲያ ሳስነጥስ ይነዝረኛል፣ ስስል ይነዝረኛል። መቀመጥ አቃተኝ፤ የእኔ ሥራ ደግሞ መቀመጥ ነው። የሚገርመው ወገቤ ራሱ ያን ያህል አያመኝም ነበር። ሕመሙ ሁሉ እግሬ ላይ ነው። ይህ ትልቅ ምልክት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ያየኝ ሁሉ "ጠንካራ ነገር ላይ ተኚ" አለኝ። ተኛሁ። ያለ ፍራሽ፣ ወለል ላይ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ። ስነሳ የእግሬ ሕመም እንደነበረ ነው፤ ጉልበቴ ግን ከዳኝ። ልጄ ነርስ ናት። ይህን ስትሰማ ተቆጣች። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ጥናት አሳየችኝ። እንደ እኔ ሕመሙ ወደ እግር የወረደባቸው 183 ሰዎች ተጠኑ። ግማሾቹ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ፣ ግማሾቹ እንደቻሉ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። የተኙት ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አላገኙም። "እማዬ፣ የቻልሽውን ያህል ተራመጂ እንጂ ወለል ላይ አትጋደሚ" አለችኝ። መራመድ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ከክፍል ክፍል፣ ቀጥሎ ደጅ።

በአምስተኛው ሳምንት ሕመሙ ረገብ አለልኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራ ተመለስኩ። የአንድ ቀሚስ አንገት እያዞርኩ ስሰፋ ምልክቱ ላይ ደረስኩና እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ። ያነሳሁ መሰለኝ። መኪናው ግን አልቆመም። መርፌው ምልክቱን አልፎ ሦስት ጣት ያህል ሄደ። መኪናው የተበላሸ መስሎኝ ሶኬቱን ነቀልኩ። መልሼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ያኔ ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁት። ፔዳሉን መጫን ይችላል። ከፔዳሉ ቀና ማለት ነው ያቃተው። ጫማዬን አውልቄ አውራ ጣቴን ለማንሳት ሞከርኩ። የቀኙ ተነሳ። የግራው እንደተኛ ቀረ።

በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ፍርሃት ሕመሙ በበረታባቸው ቀናት እንኳ አላውቀውም።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጽፍም። ኤም.አር.አይ እንድነሳ አዘዙኝ። ውጤቱ ላይ ሦስት ዲስኮች ተጠቅሰዋል። ያየኝ ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀለው። በስክሪብቶ ሦስት ቦታ ጠቆም ጠቆም አደረገና "ሦስቱም ወጥተዋል፣ በሌዘር እንጨርሰዋለን። ኦፕሬሽን አይደለም፣ አይፍሩ። ነገ ገብተው ነገውኑ ቤትዎ ነዎት" አለኝ። ጫማዎን ያውልቁ ያለኝ የለም። እግሬን የነካ የለም። ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

ማታ ለልጄ ነገርኳት።

"እግርሽን ነክተው አይተውታል?" አለችኝ።

"አይ።"

"ጣትሽ እንደማይነሳስ ነግረሻቸዋል?"

"አልጠየቁኝም።"

"እንግዲያው ነገ አትሄጂም" አለች።

እዚህ ላይ ስለ ሌዘር አንድ ነገር ልበል፤ ጋዜጣችሁም ቃሉን እንዲሁ ተጠቅሞበታል። ሌዘር ዲስኩ ውስጥ ያለውን ነገር በሙቀት የሚያተን፣ ራሱን የቻለ ዘዴ ነው። ለእኔ የተሠራልኝ ግን የወጣውን ቁራጭ በካሜራ እያዩ በትንሽ መቆንጠጫ ይዞ ማውጣት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። "ኦፕሬሽን አይደለም" የሚለው አነጋገር ደግሞ ያሳዝነኛል። ቆዳ ተከፍቶ ነርቭ አጠገብ መሣሪያ ከገባ ኦፕሬሽን ነው። ሰው ይህን አውቆ ነው መግባት ያለበት።

ሁለተኛው ሐኪም ፊልሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አልከፈቱትም። "በመጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁልኝ" አሉኝ። በእግር ጣቴ ጫፍ አስኬዱኝ፤ ሄድኩ። በተረከዜ አስኬዱኝ፤ ግራ እግሬ ጠፍ ብሎ ወረደ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ከኋላ በመዶሻ ነካ ሲያደርጉኝ እግሬ እንደ ቀኙ ተወረወረ። አስተኙኝና ቀጥ ያለ እግሬን ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሱት፤ ገና ግማሽ ሳይደርስ ነዘረኝ። በመጨረሻ ጣታቸውን አውራ ጣቴ ላይ አድርገው "ይግፉኝ" አሉ። መግፋት አልቻልኩም። በአውራ ጣቴና በሁለተኛው ጣቴ መካከል በጥጥ ሲዳብሱኝ እንደ ሌላ ሰው እግር ነው የተሰማኝ።

ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ነው ፊልሙን ያወጡት። "ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው የእርስዎን እግር የሚመስለው" አሉ። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ነው። እሱ የሚጫነው ነርቭ የእግርን አውራ ጣት ቀና የሚያደርገው ነው። ከሱ በታች ያለው ዲስክ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የሚታየው በጣቴ ጫፍ መቆም ላይና በመዶሻው ምላሽ ላይ ነበር። እነዚያ ደግሞ ደህና ናቸው። "ሁለቱን አንነካቸውም" አሉኝ።

ሁለቱ ዲስኮች ፊልሙ ላይ እየታዩ እንዴት ዝም ይባላሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤም.አር.አይ ሲነሱ ብዙዎቹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ከ3 ሺህ በላይ ጤነኛ ሰዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ አለ። ወገባቸውን ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው ዲስካቸው ገፋ ብሎ ታይቷል። በ50 ዓመት ዕድሜ 60 በመቶ ይደርሳል። እኔ 51 ነኝ። ፊልም ብቻ አይቶ የሚቆርጥ ሰው ከአምስት የዕድሜ እኩዮቼ ሦስቱን ያለ ምክንያት ሊቆርጥ ነው ማለት ነው።

ዲስክ ማለት በሁለት አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው። ውጪው ድርብርብ የሆነ ጠንካራ ሽፋን ነው። ውስጡ ለስላሳና ዝልግልግ ነው። እኛ "ተንሸራተተ" ስለምንል ዲስኩ እንዳለ ከቦታው የሸሸ ይመስለናል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሽፋኑ ይተረተርና ውስጡ ይወጣል። ለእኔ ይህ በአንዴ ገባኝ። የትራስ ስፌት በአንድ ጎን ሲለቅ ጥጡ እንደሚወጣው ነው። የወጣው ነገር ነርቭ ካላገኘ ሰውዬው ምንም ላያውቅ ይችላል። ነርቭ ሥር ከገባ ይጫነዋል፤ በዚያ ላይ ነርቩን ያስቆጣዋል፣ ያሳብጠዋል። ድሮ ሐኪሞች ይህን የወጣ ነገር ሲያገኙት ዕጢ ይመስላቸው ነበር አሉ። ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ ከዲስክ የወጣ ቁራጭ እንደሆነና እግርን እንደሚያሳምም በግልጽ ያሳዩት።

አሁን ስለ ታናሽ ወንድሜ ልንገራችሁ። እሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ ይኸው ሕመም ይዞት ነበር። የእሱ ዲስክ ከእኔ የባሰ ነው፤ ቁራጩ ጭራሽ ተበጥሶ ወጥቶ ነበር። ፊልሙን ያየ ሁሉ ደነገጠ። እግሩ ግን ጉልበት አልጎደለውም። ጣቱ ይነሳል፣ በተረከዙ ይሄዳል፣ ሽንቱ ደህና ነው። ሐኪሙ እንጠብቅ አለው። የሕመም ማስታገሻ፣ እርምጃ፣ ፊዚዮቴራፒ። ወር ከአሥራ አምስት ቀን ያህል ሌሊት ሲያቃስት አውቃለሁ። ከዚያ እየቀለለው ሄደ። በዘጠነኛው ወር እንደገና ኤም.አር.አይ ሲነሳ ያ ትልቅ ቁራጭ ከፊልሙ ላይ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሰውነት የወጣውን ነገር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ተበጥሰው የወጡት ትልልቆቹ ደግሞ ጥቂት ገፋ ካሉት ይልቅ የመሟሟት ዕድላቸው የሰፋ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ማመን አቅቶኝ ነበር። ትልቁ ራሱ ይጠፋል፣ ትንሹ ላይጠፋ ይችላል።

ወንድሜ ዕድለኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኔዘርላንድስ ውስጥ የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር በእግር ሕመም የተሠቃዩ 283 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ ተመደቡ። እንዲጠብቁ ከተባሉት 39 በመቶው በኋላ ሕመሙ አልተዋቸውም፣ ተሠሩ። የቀሩት ሳይሠሩ ቀሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከሁለቱም ወገን 95 በመቶው ድኛለሁ ብሏል። ልዩነቱ ቶሎ የተሠሩት ቶሎ መዳናቸው ነው። ይህ ፍጥነት ቀላል ነገር ነው አልልም። ለቤቱ በየቀኑ ሠርቶ የሚያስገባ ሰው ሁለት ወር ያህል ቀድሞ መዳን ብዙ ነው። ስለዚህ መምረጥ የበሽተኛው ነው። ለመምረጥ ግን መጠበቅም መንገድ መሆኑን ሰው ሊነግረው ይገባል። ጽሑፋችሁ ውስጥ ያጣሁት ይህን ነው።

የእኔስ? ጣታቸው ፈጽሞ የማይነሳ ሰዎች በዚያ ጥናት አልተካተቱም። ለእኔ ሐኪሙ የነገሩኝ አጭር ነው። "ሕመሙ ቢቀንስም ድካሙ እየጨመረ ነው። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። ነርቩን ብዙ ባናስጠብቀው ይሻላል" አሉኝ። በሳምንቱ ገባሁ።

የተሠራሁት ነቅቼ ነው። በሆዴ አስተኙኝ። ቦታውን በመርፌ አደነዘዙት፤ ትንሽ የሚያረጋጋ መድኃኒትም ሰጡኝ። በራጅ እያዩ ከጎኔ ቀጭን መርፌ አስገቡ። በመርፌው ላይ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ቱቦ። ቱቦው ውስጥ ካሜራና መብራት ያለው ኢንዶስኮፕ ገባ። ሁሉም ተጨምሮ ቆዳዬ ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ቦታው እንዲታይ ውሃ ሳያቋርጥ ይፈስበታል። ሐኪሙ በየመሐሉ "እግርዎ ላይ የሚሰማዎት ካለ ወዲያው ይንገሩኝ" ይሉኛል። አንዴ "አውራ ጣቴን ነዘረኝ" አልኩ። እጃቸውን ገታ አድርገው አቅጣጫ ቀየሩ። ሳልተኛ የመሠራቴ ጥቅሙ ይህ ነበር፤ ነርቤን የምጠብቅለት እኔ ራሴ ነበርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁራጩን በትንሽ ብልቃጥ አሳዩኝ። የጣቴን ጥፍር የምታክል፣ ነጭ፣ የራሰ ጥጥ የመሰለች ነገር ናት። ይህችን ያህል ነገር ናት መኪናዬን ማቆም የከለከለችኝ።

የዚያኑ ቀን ማታ ቆሜ ሄድኩ። ጀርባዬ ላይ ያለው ስፌት አንድ ብቻ ነው። በሙያዬ አይቼ ጥሩ ስፌት ነው ብዬ ፈርጄለታለሁ።

ነገር ግን ትንሿን ጠባሳ አብዝተን እንዳናመልካት እፈራለሁ። በማይክሮስኮፕ የሚሠራው ዘዴ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ቆዳው የሚከፈተው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዛሬም ብዙ ጥሩ ሐኪም የሚሠራው በዚያ ነው። ከእኔው የኢንዶስኮፕ ዘዴ የተለየው፣ በቱቦ ውስጥ የሚሠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለቱን ያነጻጸረ ጥናት 328 ሰዎችን ተከታትሎ ቱቦው የተሻለ ሆኖ አላገኘውም፤ እንዲያውም በቱቦ የተሠሩት ጥቂት ከፍ ያለ ሕመም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ እንደ እኔ በኢንዶስኮፕ የተሠሩ ሰዎች ከዓመት በኋላ የእግር ሕመማቸው በተለመደው መንገድ ከተሠሩት እንደማይብስ ታየ። እንግዲህ የትኛውም ቢሆን ዋናው ነገር ትክክለኛው ዲስክ፣ በትክክለኛው ሰው ላይ፣ እጁ በለመደ ሐኪም መሠራቱ ነው። አንባቢያችሁ "ስንት ሚሊ ሜትር ነው?" ብሎ ከሚጠይቅ "በዚህ ዘዴ ስንት ሰው ሠርተዋል?" ብሎ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስላለውም እውነቱን ልጻፍ። የእግሬ ንዝረት በዚያው ቀን ጠፋ። ድንዛዜው አምስት ወር ቆየ። ጣቴ መነሳት የጀመረችው በሁለተኛው ወር ነው፤ ዛሬም ከቀኟ እኩል አትገፋም። ወገቤን ረጅም ሰዓት ስቀመጥ አሁንም ይቆረጥመኛል። ሐኪሙ ይህን ቀድመው ነግረውኝ ነበር። ቀዶ ጥገናው ጥሩ የሚሠራው ለእግር ሕመም ነው፤ ለወገብ ሕመም የዚያን ያህል ቃል አይገባም። የነርቩ ሽፋን ሊቀደድ እንደሚችል፣ ኢንፌክሽን ሊኖር እንደሚችልም ነግረውኛል። ከዚያው ቦታ እንደገና ሊወጣ እንደሚችልም አውቃለሁ፤ ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ይመለሳል ይባላል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቼ እንቀሳቀሳለሁ። የጨርቅ ጥቅል ከወለል ላይ አላነሳም፤ መደርደሪያው አሁን በወገቤ ልክ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤውን እንድጽፍ የገፋፋኝም እሱ ነው።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ቀሚስ ልለካት ስንጀምር ወገቧ ላይ ሜትሩን ሳዞር "ቀስ በይ፣ እዚያ አይሰማኝም" አለችኝ። የእኔን ነገርኳት። እሷም የራሷን ነገረችኝ። የእሷ ሕመም በሁለቱም እግሯ ነበር። አንድ ጠዋት ስትታጠብ በጭኖቿ መካከል ውሃው አልተሰማትም። ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሚነካው ቦታ በሙሉ ደንዝዟል። ከዚያ ሽንቷ አልመጣም አለ። ሆዷ ተወጥሯል፣ ሽንቷ ግን አይመጣም። የማስታገሻው መድኃኒት ነው ብላ አሰበች። ለባሏ መንገር አፈረች። አራት ቀን ቆየች።

ሐኪሞች ይህን ኮዳ ኢኳይና ይሉታል። የፈረስ ጭራ ማለት ነው፤ በአከርካሪ ውስጥ ወደ ታች እንደ ጭራ የተዘረጉት ነርቮች በሙሉ ሲታፈኑ ነው። እዚያ ላይ መጠበቅ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ፊዚዮቴራፒ የለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። የሚቆጠረው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው። እሷ በአራተኛው ቀን ሌሊት ተሠራች። እግሮቿ ተመለሱ። ሽንቷን ግን እስከ ዛሬ የምታስወጣው በቀጭን ቱቦ ነው። 38 ዓመቷ ነው።

የእናንተን ጽሑፍ ከሷ ጋር አብረን ነው ያነበብነው። ጨረሰችና "ስለ ሽንት ምንም የለም እኮ" አለችኝ። እኔ ልጽፍላቸው እችላለሁ፣ ያንቺን ግን እንዴት እነግራለሁ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። "ስሜን ተዪው፣ ስለ ውሃው ግን ጻፊ። ውሃው እንዳልተሰማኝ ጻፊ" አለችኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ልብስ ሰፊ